ቡና ያበቀለው ግድግዳ

ድሬዳዋ ላይ ጭቃ እምብዛም አይሸትም። ዝናቡ በአንዴ መጥቶ በአንዴ ይሄዳል፤ አሸዋው ይጠጣዋል፤ በማግስቱ አቧራ ነው። ባለፈው እሑድ ግን ነጠላዬን እንደተከናነብኩ ከቅዳሴ ስመለስ፣ ጎረቤታችን በር ላይ አንድ ሽታ ያዘኝ። ሰውየው የጓሮ ክፍሉን ሊለስን ጭድ ከጭቃ ጋር ለውሶ አሳድሮት ኖሯል። ጎምዘዝ ያለ፣ እንደ ከረመ ቡሆ፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ በረት ያለ ሽታ። ሳላስበው ቆምኩ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ሸተተሽ አይደል? ነገ ይለሰናል፣ ይጠፋል» አለኝ።

«ኧረ ምንም አልሸተተኝም» አልኩት። ቅዳሴ አስቀድሼ እየተመለስኩ ዋሸሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሸትቶኛል እንጂ። ከዚያ ፀሐይ ላይ አንሥቶ ቦንጋ ወስዶ፣ እናቴ በባዶ እግሯ ጭቃ የረገጠችበት ቁልቁለት ላይ ነው ያቆመኝ።

ሦስተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ነው። አባቴ ካረፈ ዓመት አልሞላውም ነበር። እናቴ አየለች ልብስ ሰፊ ናት፤ በተከራየናት ቤት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን አውጥታ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ የተቀደደ ትጠግናለች። ሰኔ ሲገባ አከራያችን «ልጄን ልድር ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ» አሉን። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሲነግሩን እንኳ ዓይናቸው መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ወሬው ገጠር፣ ደካ ድረስ ደርሶ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ቆጭቶ መጡ። ደካ ላይ ቡና አላቸው፤ ሲናገሩ ድምፃቸው ከደረታቸው ሥር ነው የሚወጣው። እናቴ ያለንን ወንበር ለእሳቸው ሰጥታ እሷ መኪናዋን ተደግፋ ቆመች። ታናሽ ወንድሜ ታምራት ጉልበታቸው ላይ ተቀምጦ ይስላል። ሳል የእሱ ነገር ነበር፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ደረቱ ይያዛል።

«ልጁን ልውሰደው» አሉ ጋሽ ቆጭቶ። «ደካ ቤቱ ሰፊ ነው፣ ላም አለ፣ እሳት አይጠፋም። ምሕረት ካንቺ ጋር ትሁን። ለሁለታችሁ አንዲት ክፍል ትበቃችኋለች።»

እናቴ ጣቷን በመኪናዋ ጎማ ላይ አመላለሰች። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ያ ቁልቁለቱ ላይ ያለው መጋዘንዎ ባዶ አይደል?» አለች።

«የቡናው?»

«የቡናው።»

ሳቁ። «አየለች፣ እሱ ለቡና እንጂ ለሰው መች ተሠራ! መስኮት የለው። ጀርባውን ለኮረብታው ሰጥቶ ነው የቆመው። እኔ ቡናዬን እንኳ ግድግዳ አላስነካም ነበር፤ አንድ ክንድ አርቄ ነው የምደረድረው። እርጥበት ካገኘው አለቀለት።»

«እኔም ልጆቼን አንድ ክንድ አርቄ አስተኛለሁ።»

አሁን አልሳቁም። «ወንድሜ እንዴት እንደሞተ ረሳሽው? ደረቱ ላይ ጆሮዬን ጥዬ ያዳመጥኩት እኔ ነኝ። የልጁን ደግሞ አላዳምጥም።»

«እርጥብ ቤት አላስገባቸውም» አለች እናቴ። «ግን ልጆቼን አልከፋፍልም፣ ጋሼ።»

ጋሽ ቆጭቶ ለራሳቸው በካፊኖኖ አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ ሲጨንቃቸው አማርኛውን ይተዉታል። በመጨረሻ የታምራትን ራስ እየዳሰሱ ተናገሩ። «እሺ። መጋዘኑን ውሰጂውና ቤት አድርጊው። ለመስቀል እመጣለሁ። ግድግዳውን በዚህ እጄ እነካዋለሁ። ደረቅ ከሆነ ቤትሽ ነው። ከረጠበ ታምራት ከእኔ ጋር ይሄዳል፣ ደካ ትምህርት ቤት ይገባል። ያኔ ለቅሶ የለም።»

እጃቸውን አየሁት። ሰፊ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ቡና ያጠቆረው እጅ። እኔ የገባኝ ፍርዱ እጁ ላይ እንዳለ ነው። እጃቸው ረጥቦ ከመጣ ግድግዳው ረጠበ ይባላል፣ ደርቆ ከመጣ ደረቀ ይባላል። ስለዚህ ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ንጹሕ ፎጣ ደብቄ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ለእመቤታችንም ተሳልኩ፤ ታምራት ካልተወሰደብን የታምራትን ቁመት የሚያህል ጧፍ አስገባለሁ ብዬ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ በሩ ጋ አቁሜ እለካው ነበር። እንዳያድግብኝ ፈርቼ ነው።

መጋዘኑን የከፈትን ቀን መጀመሪያ የወጣው ጨለማው ይመስለኛል። ቀጥሎ አይጦቹ ወጡ። ጆንያ፣ የቡና አቧራ፣ ያረጀ ቆርቆሮ ይሸታል። መኪና ደካ ሳይገባ በፊት ጋሽ ቆጭቶ ቡናቸውን በበቅሎ አውርደው እዚህ ነበር የሚያከማቹት፤ መንገዱ ከተሠራ ወዲህ የጭነት መኪናው ከደካ ጭኖ በቀጥታ ያልፋል። ወለሉ ላይ ጆንያ ይደረደርበት የነበረ የእንጨት ርብራብ ቀርቷል። እናቴ ወጣችበትና ዘለል ዘለል አለችበት። አልተነቃነቀም።

«አልጋችን ይሄ ነው» አለች።

ለእሷ ሁሉም ነገር ልብስ ነበር። የግድግዳውን ቋሚዎች አንድ በአንድ እየቆነጠጠች ዞረች። ሥራቸውን ምስጥ በልቶታል፤ በጥፍሯ ስትነካቸው እንደ ቂጣ ይፈረፈራሉ። «ጠርዛቸው አልቋል፤ ቆርጠን እናሳጥራቸዋለን» አለች።

«ጣሪያውስ አያጥርም?» አልኳት።

«ከሥራቸው ድንጋይ እንቀጥላለን።»

ይህን ስትል የሰማት ጎረቤታችን ጋሽ ሙዘይን ነበሩ። ከስልጤ መጥተው ቦንጋ የከበሩ፣ ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጡ ሰው ናቸው። «አየለች፣ ጣሪያውን ማን ይዞልሽ ነው ቋሚውን የምትቆርጪው? ራስሽ ላይ ሊወርድ!» አሏት። በማግስቱ ከአንድ ሾፌር ክሪክ ተውሰው መጡ። ክሪኩን ከወጋግራው ሥር አስገብተው ሲያሽከረክሩት ጣሪያው እየጮኸ ከፍ አለ። እኔና ታምራት ውጭ ቆመን ተያየን። ክሪክ ያየነው ጎማ ሲቀየር ብቻ ነው። ቤታችን ጎማ ሊገባለት ነው፣ ከዚያ ሁላችንንም ይዞ ደካ ሊሄድ ነው ብለን አመንን። ታምራት ደስ አለው። ጋሽ ሙዘይን ቋሚውን ቆርጠው፣ እናቴ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገብታ፣ ክሪኩ ሲወርድ ቤቱ እዚያው ቆሞ ሲቀር፣ «አልሄደም እኮ» ብሎ አለቀሰ።

መስኮቱን የቆረጠችው እናቴ ራሷ ናት። በልብስ ጠመኔዋ ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ሠርታ፣ የስፌት መኪናዋን አምጥታ ከሥሩ አስቀመጠችና፣ ተቀምጣ ክር ለመክተት ሞከረች። ብርሃኑ ከየት መምጣት እንዳለበት ገና ያልተከፈተ መስኮት ፊት ቁጭ ብላ ለካችው። ማገሩን በመጋዝ ስትቆርጠው ግድግዳው ወደ ውጭ ተንጋደደ፤ ሁለት ቀን በግንድ ተደግፎ ዋለ። ጣሪያው ደግሞ ሚስማር በተመታበት ሁሉ ያፈስ ነበር። ጋሽ ሙዘይን የአሮጌ ጎማ ቁራጭ እየከበቡ ሰጧት፤ በየሚስማሩ ራስ ሥር አንድ አንድ አስገባች። «ቁልፍ መትከል ነው እኮ» አለች ከጣሪያው ላይ። ከታች የቆሙት እትዬ ብርቄ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው «ጌታ ሆይ፣ ቀሚስ ለብሳ ጣሪያ ላይ!» ይላሉ።

እትዬ ብርቄ ጴንጤ ናቸው፤ ግቢያቸው ከመጋዘኑ ጎን ነው። ለምርጊት የሚሆን አፈር ስናጣ መላ የሰጡን እሳቸው ናቸው። የእኛ ቦታ ድንጋይ ነው፤ ቀይ አፈር ያለበት ሩቅ ነው፤ ዝናቡም ፋታ አይሰጥም። «ከእኔ ቡና ሥር ቁፈሩ። ለም ነው፣ ይጣበቃል» አሉ። ይሄን ለመቃወም ማንም አላሰበም። እኛ አገር አፈር ሲባል ከቡና ሥር ያለው ነው። ላዩን ሳንገፍፍ፣ ቅጠሉን ብቻ ጠርገን፣ ጥቁሩን አፈር በጆንያ ተሸከምነው። ጭድ ተደረገበት፣ ውሃ ጠጣ፣ እናቴ በባዶ እግሯ ረገጠችው፣ እንዲቦካ ተተወ። ያ ሽታ የመጣው ያኔ ነው።

ቀጥሎ የደቦው ቀን ነው። ጭቃው ቦክቶ ይጠብቃል፤ ሰው ግን የሚገናኝበት ቀን ጠፋ። እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ከጎረቤቶቹ ጋር ስትደራደር ሰማኋት።

«ዓርብ ይሁን» አሉ እትዬ ብርቄ።

«ዓርብ ጁምዓ አለብኝ» አሉ ጋሽ ሙዘይን።

«ቅዳሜስ?» አሉ እትዬ ብርቄ።

«ቅዳሜ ሚካኤል ነው። በእሱ ቀን ጭቃ አልነካም» አለች እናቴ።

«እሑድ...» ብለው ጀመሩ ጋሽ ሙዘይን።

«እሑድ እኔ አምልኮ አለኝ፣ አንቺ ቅዳሴ አለሽ» አሏት እትዬ ብርቄ።

«ሰኞ ገበያ ነው» አለች እናቴ።

ጋሽ ሙዘይን በሳቅ ፈነዱ። «ሦስታችንም ፈጣሪን ስንፈራ ጭቃው ሊበላሽ ነው!»

እናቴ አሰበችና «ረቡዕ» አለች። «ረቡዕ ጾም ነው፤ ሥጋ የለም። ማን አረደው፣ ማን ይበላዋል የሚባል ነገር አይመጣም። ቆጮ በዳጣ፣ የተቀቀለ ጎደሬ፣ ለመጠጥ ብርዝ። ጠላም ጠጅም አላቀርብም።»

«ማሻአላህ!» አሉ ጋሽ ሙዘይን። «ሁላችንንም በአንድ ገበታ አስቀመጥሽን።»

ረቡዕ ዕለት ግቢው በሰው ሞላ። ወንዶቹ ጭቃውን እየረገጡ ይዘፍናሉ፣ የእትዬ ብርቄ ሰዎች መዝሙር ይዘምራሉ፣ ሴቶቹ በእፍኝ በእፍኝ እያነሡ ግድግዳው ላይ ይመርጋሉ። የእናቴ እጅ ያረፈበት ይለያል፤ ጠርዝ እንደምትዘመዝም እየደለደለች ነው የምትሄደው። ብርዙ የማንኪራ ጫካ ማር ነበረ፤ ጋሽ ሙዘይን ጺማቸው ላይ ጭቃ ደርቆ፣ ከጭቃው በላይ ማር ተንጠባጥቦባቸው እትዬ ብርቄ «ጋሽ ሙዘይን፣ ንብ ሊሰፍርብዎት ነው!» ሲሏቸው ዛሬም ይሰማኛል። ሲመሽ ቤቱ ቆሟል። ጥቁር፣ እርጥብ፣ የሚያብረቀርቅ።

አከራያችን ሰርጉ ደረሰባቸውና ሳይደርቅ ገባን።

ሐምሌ እንዴት እንዳለፈ እግዚአብሔር ያውቃል። ርብራቡን ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቀን ተኛንበት። መሐል ላይ በቆርቆሮ ምድጃ የቡና ገለባ ይነዳል፤ ቡና መቀሸሪያው ጋ ተቆልሎ የሚጣለውን ነው በጆንያ የምንሸከመው። ይጨሳል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ግን ቀስ ብሎ ሲነድ ይውላል። እናቴ ማለዳ ስትነሣ መጀመሪያ አማትባ፣ ቀጥሎ የእጇን ጀርባ የታምራት ግንባር ላይ፣ ቀጥሎ ደግሞ ግድግዳው ላይ ታሳርፋለች። ለሁለቱም ተመሳሳይ ፊት ነበራት። ስለዚህ ግድግዳውም እንደ ታምራት የታመመ መሰለኝ። ጠዋት ጠዋት ላብ ያወጣል። ጋሽ ቆጭቶን ፈርቶ ነው ብዬ፣ ማንም ሳያየኝ «አይዞህ፣ ፎጣ አዘጋጅቼልሃለሁ» እለው ነበር።

እናቴ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ከቤቱ ጀርባ፣ በስተቀኝ፣ የጣሪያው ውሃ በሚወርድበት በኩል ቦይ ቆፈረች። ውሃ ሲጠራቀም የሚታየው እዚያ ነውና። የፊቱና የጎኑ ግድግዳ እየነጣ መጣ። የጀርባው ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። የታምራት ሳል ባሰ። አንድ ቀን ደረቱ ላይ ጆሮዋን ጥላ ሳያት፣ ጋሽ ቆጭቶ ያሉትን አስታወስኩና ሸሽቼ ወጣሁ።

«አየለች፣ ልጁን ለጊዜው ብትልኪው ምናለበት?» አሏት እትዬ ብርቄ። «ደህና ሲሆን ትመልሺዋለሽ።»

«ልጅ ለጊዜው አይሄድም፣ እትዬ ብርቄ። ትምህርት ይገባል፣ ጓደኛ ያፈራል፣ ከዚያ እኔ ጋ እንግዳ ሆኖ ነው የሚመጣው።» አካፋዋን አነሣች። «መስቀል ገና ነው።»

የፍልሰታ ጾም ገብቶ በየቀኑ አስቀድሰን እንመለሳለን። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን መጥቼ ነጠላዬን በጀርባው ግድግዳ ሚስማር ላይ ስሰቅል ግድግዳው ላይ የሆነ ነገር አየሁ። አረንጓዴ ክር የመሰለ ነገር ወጥቶ፣ ራሱ ላይ አንዲት የቡና ፍሬ እንደ ቆብ ደፍቷል። ከጎኑ ሌላ አለ። ዝቅ ብሎ ደግሞ ሌላ፤ የእሱ ቆብ ተሰንጥቆ ሁለት ቅጠል ሊያወጣ ነው። ከእትዬ ብርቄ ቡና ሥር ስንቆፍር የረገፈውን ፍሬ ሁሉ ከአፈሩ ጋር ለግድግዳው አጉርሰነዋል። ያኔ ይህን መች አውቄ! እኔ ያየሁት የስለቴን መልስ ነው።

«እማዬ! ማርያም ሰማችኝ! ቤታችን በቀለ!»

ጩኸቴን ሰምተው ጎረቤቱ ተሰበሰበ። እትዬ ብርቄ እጃቸውን ዘርግተው «ሃሌ ሉያ! እንዳትነቅዪው አየለች፣ በረከት ነው!» አሉ። ጋሽ ሙዘይን «ሱብሃን አላህ» ብለው መነጽራቸውን አወለቁና ጠርገው መልሰው አደረጉ። ወሬው ተዛምቶ የማናውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ እየመጡ ያያሉ። «በቡና አገር እንኳ ግድግዳ ላይ ሲበቅል አላየንም» ይላሉ። ሁሉም ደስ ብሎታል።

እናቴ ብቻ አልተደሰተችም። ሰው ሲወጣላት ወደ ግድግዳው ተጠግታ ቆመች። ቡቃያዎቹን በእጇ እየተከተለች ሄደች። ከመካከለኛው ቋሚ ወደ ግራ ሞልተዋል፤ ወደ ቀኝ አንድም የለም። በግራ በኩልም ከታች ይበዛሉ፣ ወደ ላይ እየሳሱ ሄደው ይጠፋሉ። የእጇን ጀርባ በቀኝ አሳረፈች፣ በግራ አሳረፈች። ጠመኔዋን አምጥታ ቡቃያዎቹን እየከበበች መስመር አሰመረችባቸው። ያኔ መልካቸው ታየ፤ በግራ ማዕዘን ሰፍቶ የሚጀምር፣ ወደ መሐል የሚሾል፣ ለቀሚስ የሚገባ ቁራጭ ጨርቅ የመሰለ።

«ውሃው የሚገባው በዚህ ነው» አለች። «ቡና ውሃ በሌለበት አይበቅልም። እኔ በቀኝ እቆፍራለሁ፣ እሱ በግራ ይገባል።»

«የማርያም መልስ አይደለም እንዴ?» አልኳት። ልቅሶዬ መጥቷል።

ተንበረከከችና ዓይን ለዓይን አየችኝ። «መልስ ነው እንጂ። የት እንደምንቆፍር አሳየችን። ቁፋሮው ግን የእኛ ነው። በይ ነጠላሽን አጣጥፈሽ አስቀምጪና ነይ።»

ዝናብ እየዘነበ ነው የቆፈርነው። ከቤቱ ጀርባ በግራ በኩል ሣርና ቅጠሉ እንደ ላባ የተተረተረው ፈርን ብቻ ነው የሚታየው፤ ውሃ አይታይም። እናቴ በዶማ፣ እኔ በሳህን፣ ታምራት ጆንያ እንደ ካባ ደርቦ በር ላይ ሆኖ «እዚያ ጋ! እዚያ ጋ!» እያለ ያዝዛል። ሣሩ ተገፎ ጥቂት እንደወረድን ዶማው ጠጣር ነገር መታ። ድንጋይ መስሎን ነበር። አፈር ነው፤ ግን እንደ አስፋልት የጠጠረ፣ ከኮረብታው በሰያፍ ወርዶ ቀጥ ብሎ ቤታችን ጥግ ላይ የሚያርፍ። በላዩ ላይ ውሃ እንደ ቦይ እየተንሸራተተ ይፈሳል።

እትዬ ብርቄ በአጥሩ በኩል አንገታቸውን አውጥተው አዩት። «ይሄማ የበቅሎ መንገድ ነው!» አሉ። «ጋሽ ቆጭቶ ቡና ሲያወርዱ በዚህ አልነበር የሚመጡት? ስንት ዓመት በኮቴ ተረገጠ! ሣሩ ሸፈነውና ረሳነው።»

እናቴ ዶማዋን ተደግፋ መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ከዚያ በዚያ ዝናብ ውስጥ ሳቀች። አባቴ ካረፈ በኋላ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ የሰማሁት ያኔ ነው።

መንገዱን አቋርጣ ጥልቅ ቦይ አወጣችና በድንጋይ ሞላችው፤ ውሃው ቤቱ ሳይደርስ ተጠልፎ ወደ ሸለቆው እንዲወርድ። ጋሽ ሙዘይን ሱቃቸውን ዘግተው ድንጋይ ተሸከሙ። እትዬ ብርቄ ግን የቡቃያዎቹ ነገር አልዋጥላቸው አለ። «በረከት ይነቀላል እንዴ?» እያሉ ተከዙ።

«አልነቅለውም፤ ቦታውን ነው የማስተካክለው» አለቻቸው እናቴ። በጨርቅ መቀሷ ጫፍ እያንዳንዱን ከነጭቃው ፈልቅቃ አወጣች፤ በቦዩ ዳር ዳር ተከልናቸው። ግድግዳው ላይ የቀሩትን ቀዳዳዎች በአዲስ ጭቃ ደፈነች፤ በዚህኛው ጊዜ ከጥልቅ የወጣ ቀይ አፈር ነው። አንዷን ግን ክፍት ተወቻት፣ ከታች በግራ፣ በጣም እርጥብ ከነበረው ላይ። በዚያች ቀዳዳ ውስጥ በጨርቅ የቋጠረችውን ጨው አስገባች።

«ምን ያደርጋል?» አልኳት።

«እጅ ይሳሳታል። ቀዝቃዛውንም እርጥብ ነው ሊል ይችላል። ጨው አይሳሳትም።»

መጀመሪያ የፈታችው ቀን ጨርቁ ረጥቦ፣ ጨው የሚባል ነገር አልቀረም። እንደገና ቋጠረች። ቀጥሎ ስትፈታው እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል። እንደገና ቋጠረች። ገለባው ይነዳል፣ መስኮቱ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ይከፈታል። ዘመን ተለወጠ። የታምራት ሳል ላላ እንጂ አልጠፋም። ጠዋት ጠዋት የቋጠሮዋን ነገር እኔ ነበርኩ የማየው፤ እናቴ ግን ከመስቀል በፊት እንዳልፈታው አስጠነቀቀችኝ። ከውጭ በጣቴ እነካካዋለሁ፤ ምን እንዳለ አላውቅም።

ለመስቀል ጋሽ ቆጭቶ መጡ። ከደመራው በኋላ ነው፤ ነጭ ለብሰዋል፤ ለታምራት የገዙትን አዲስ ጋቢ በክንዳቸው ይዘዋል። ወደ ደካ በሚመለሰው የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ለሁለት ሰው ቦታ ማስያዛቸውን ገና በር ላይ ሆነው ነገሩን። እናቴ «እንኳን አደረሰዎት ጋሼ፣ ይግቡ» አለች። ውጭ ዳምኗል፣ ጠል አለ፤ እጃቸው ረጥቧል። ፎጣዬን ይዤ ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ እጅዎን ይጥረጉ!»

«ለምን?»

«ፍርዱ እንዳይበላሽ!»

አዩኝ፤ ፎጣውን አዩት። ከዚያ ሁለቱን እጃቸውን አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት፣ በትዕግሥት ጠረጉ። «በቃ?» አሉኝ። «በቃ» አልኳቸው።

ግድግዳውን ከበሩ ጀምረው ዳሰሱ። የፊቱን፣ የጎኑን፣ መስኮቱ ሥር ያለውን። ሲያንኳኩት ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል። የጀርባው ጋ ደረሱ። ከመካከለኛው ቋሚ ወደ ግራ ሲሄዱ እጃቸው ዘገየ። ጥግ ላይ ቆሙ። መዳፋቸውን አሳረፉ፣ አነሡ፣ እንደገና አሳረፉ፤ ቀጥሎ ጉንጫቸውን አስጠጉ።

«ይሄ ይቀዘቅዛል፣ አየለች» አሉ በዝግታ። ድምፃቸው ውስጥ ደስታ አልነበረም።

«ይቀዘቅዛል። ኮረብታው ከጀርባው ነው፤ ሁልጊዜም ይቀዘቅዛል። እጅዎን ይዘርጉ፣ ጋሼ።»

ጎንበስ ብላ ከቀዳዳዋ ቋጠሮውን አወጣች። በጥርሷ ፈታችው። ውስጡ ምን እንዳለ እሷም አታውቅም ነበር። ጨርቁን በእጃቸው ላይ ገለበጠችው። ጨው እየተንሸራተተ፣ አንዷ ፍሬ ከአንዷ ሳትጣበቅ፣ በዚያ በተሰነጣጠቀ መዳፍ ላይ ፈሰሰ።

ጋሽ ቆጭቶ መዳፋቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አደረጉት። በአውራ ጣታቸው አሹት። ትንሽ ወደ ምላሳቸው አስጠጉ፣ ጨው መሆኑን የተጠራጠሩ ይመስል። ከዚያ ታምራትን ጠርተው የእጃቸውን ጀርባ ግንባሩ ላይ አሳረፉ፣ እንደ እናቴ። «ውሃው ከየት ነበር?» አሉ።

«ከእርስዎ በቅሎዎች» አለች እናቴ።

አውጥታ አሳየቻቸው። የድሮውን መንገድ፣ ቦዩን፣ ውሃው በድንጋዩ ሥር እያንሾካሾከ ሲወርድ። «ቡና ጭኜ በዚህ ስወርድ አባትህ ነበር ከፊት የሚመራት፤ የመጀመሪያዋን በቅሎ» አሉ ለታምራት። ከዚያ በቦዩ ዳር የተተከሉትን ቡቃያዎች አዩና ተቆጡ።

«ይሄን ማን ነው ፀሐይ ላይ የተከለው? ቡና እንዲህ ይተከላል? ጥላ የለው፣ ምን የለው! እንደዚህ አሰልፋችሁ ልታቃጥሉት ነው?» ነጭ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ፈርን እየሰበሩ በእያንዳንዱ ቡቃያ ራስ ላይ እንደ ጎጆ አቆሙበት። አንዱንም አልዘለሉም። ጨርሰው ሲነሡ ጉልበታቸው ጥቁር ሆኗል።

«ታምራት።»

«አቤት ጋሼ።»

«ቡና ቶሎ አያፈራም። ዓመታት ነው የሚፈጀው። እነዚህ ሲያፈሩ ማን ነው የሚለቅማቸው?»

ታምራት እናቴን አየ። እኔን አየ። ትንሽ ሳለና፣ ደፍሮ «እኔ» አለ።

«እንግዲያው ጥላቸው እንዳይወድቅ እያየህ» አሉት። አዲሱን ጋቢ አልብሰውት፣ ጫፉን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት። ለእሱ ረዝሞ መሬት ይጠርግ ነበር። እናቴ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዘው አቀኗት።

መኪናው ድረስ ሸኘናቸው። ሾፌሩ የጋቢናውን በር ከፍቶ ከውስጥ ያለውን ሁለተኛ ቦታ በእጁ ጠረገ። «ልጁስ፣ ጋሼ?» ሲላቸው ሰማሁ።

ጋሽ ቆጭቶ ወጥተው ተቀመጡና የቆሸሸውን ጉልበታቸውን አራገፉ።

«ቡና ተክሏል፤ ትቶት የት ይሄዳል!» አሉት። «ንዳው።»